ከሰው አፍ የሚነጥቅ ጸሐፊ

ባሌ አንድ ቦታ ተቀምጦ መጻፍ አይችልም። ይህን ያወቅነው በራሱ ጽፎ ለማደር ብሎ የቢሮ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ነው። የኢንሹራንስ ድርጅት ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሳለ ስልክ እየጮኸ፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ አለቃው በበር ብቅ እያሉ «አልደረሰም?» እያሉት ነበር የሚጽፈው። ቤት ሲውል ጸጥታው በላው። መኝታ ቤታችን መስኮት ሥር የገዛንለት ጠረጴዛ አሁን የሚተኮስ ልብስ መከመሪያ ሆኗል።

እናቱ በልጅነቱ «ቁንጫው» ይሉት ነበር አሉ፤ ስም አላጡለትም። ቁጭ ይላል፣ ብድግ ይላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ መስኮት ይከፍታል፣ የከፈተውን ይዘጋል። እንዲህ ሲል ከርሞ በመጨረሻ መላ አገኘ። ባንክ ይገባና የተራ ቁጥር ይወስዳል፤ ከሚጠብቁት ሰዎች መሃል ተቀምጦ ይጽፋል። ተራዬ ደረሰ የሚለው ሥጋት እጁን ያፈጥንለታል። ቁጥሩ ሲጠራ አጠገቡ ለተቀመጠው ይሰጥና ሌላ ይወስዳል። የባንኩ ጥበቃ መጀመሪያ ዘራፊ መስሎት ዓይኑን አይነቅልበትም ነበር፤ በኋላ ለሴት ልጁ የሥራ ማመልከቻ አጻፈው። ባንክ ሲዘጋ ደግሞ የክሊኒክ ወረፋ አለ። አንድ ቀን የጥርስ ሐኪም ደጅ የሆቴል ማስታወቂያ ሲጽፍ ነርሷ ክንዱን ይዛ አስገባችው። ማስረዳቱ አሳፍሮት ደህና ጥርሱን አስመርምሮ ወጣ።

የሚጽፈው ያገኘውን ነው። የጡረታ መሸኛ ንግግር፣ የሙሽራ አባት ምስጋና፣ የቀለም ፋብሪካ ዓመታዊ መጽሔት። ሥራው ሲመጣ በአንዴ ይጎርፋል፤ ሲጠፋ ደግሞ ድራሹ ይጠፋል። በጠፋ ሰሞን ባሌ ስልኩን አሥሬ እያነሳ ኔትወርክ የለም እንዴ ይለኛል። እኔ መድኃኒት ቤት ቆሜ ውዬ እግሬ አብጦ ስመጣ እሱ ኮሪደሩን ሲለካው አገኘዋለሁ። ቆሽቴ ያርራል። እሱ እንኳ ሲፈልግ ከቤት ይወጣል፣ ሲፈልግ ይገባል።

ሌላም አመል አለው፤ ከሰው አፍ ይነጥቃል። ለሰው ንግግር ሲጽፍ ስለኖረ ሰው ምን ሊል እንደሆነ የሚያውቅ ይመስለዋል። ሐሳብህን ጀምረህ ትንፋሽ ስትወስድ እሱ ጨርሶልሃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ካሰብከው አሳምሮ ነው የሚጨርስልህ፤ ስለዚህ አዎ ብለህ ትተወዋለህ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ትቼዋለሁ።

ሲለቅ እሱ ባለው ተስማምተን ነበር። ዓመት ሞልቶ የረባ ሥራ ካላገኘ ይመለሳል። አለቃው ይወዱታልና ቦታውን ሰው አልቀጠሩበትም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን አልችልም ብለውታል። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፣ መጽሐፍ። ስሙ ያለበት፣ ሰው አይቶት ሌላ የሚያዘው መጽሐፍ። ወሩ ሊጋመስ ሲል አንዲት ሴት ደወለች። አባቷ አገር አቋራጭ አውቶቡሶች ያሉት ድርጅት ባለቤት ናቸው፤ ሾፌር ሆነው ጀምረው ነው እዚህ የደረሱት። ልጆቻቸው የሕይወት ታሪካቸውን ማሳተም ፈልገዋል። መጀመሪያ አንድ ምዕራፍ ጽፎ ያሳይ፤ ከወደዱት ሙሉውን ይሰጡታል። ባሌ ስልኩን ዘግቶ ደረጃውን ወርዶ ወጣ፣ እንደገና ወረደ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። አንድ ቃል ይላሉ፣ መነጽራቸውን ይወለውላሉ፣ በመስኮት ያያሉ፣ ሌላ ቃል ይላሉ። ለባሌ ይህ እሳት ላይ መቀመጥ ነው። ሦስት ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ሁሉም ገብቶኛል አለኝ። ምዕራፉን በባንክና በክሊኒክ ወረፋ ጨረሰው። አነበብኩትና እንባዬ መጣ። ወጣቱ ሾፌር አሮጌ አውቶቡሱ ሥር አንጥፎ ይተኛል፤ ሚስቱ ሩቅ ከተማ መብራት አብርታ መስኮት ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። እውነቱን ለመናገር ከጻፈው ሁሉ ይበልጥብኝ ነበር።

በሽማግሌው ሳሎን ለቤተሰቡ ሲያነብ ልጆቹ አጨበጨቡ። ሽማግሌው አላጨበጨቡም። ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ክፍላቸው ገቡ፣ በሩን ዘጉት። ማታ ራት እየበላን ራሳቸው ደወሉ። ባሌ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ልጄ፣ አጻጻፍህ ያምራል» አሉት። «ግን ሁሉንም ያወራኸው አንተ ነህ። እኔ ገና አልጀመርኩም።»

ባሌ ኩም አለ። በማግሥቱ ባንክም አልሄደም። የቢሮ ሸሚዞቹን ከቁም ሳጥን እያወጣ ሲተኩስ አገኘሁት፤ በቃ ለአለቃዬ እደውላለሁ አለኝ። አንጀቴን በላው፤ ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። አንድ ሽማግሌ አፉን ስላስያዘው ነው እንዴ የሚመለሰው? ሽማግሌውን መልሰው እንዲቀበሉህ ለምናቸው፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፣ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ውርድ ከራሴ አልኩት። ሽማግሌው መልሰው ተቀበሉት። መድኃኒት ቤቱን አስፈቅጄ ሄድን።

ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ የጫማዬን ተረከዝ እግሩ ላይ አሳረፍኩ። ሽማግሌው ስለ መንገድ ጀመሩ፣ ስለ ጎማ ጀመሩ፣ አቋረጡ። ከዚያ «እሷ…» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።

ባሌ አፉን ከፈተ። ረገጥኩት። ሽማግሌው በመስኮት አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መነጽሩን ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉት። ባሌ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ደግሜ ረገጥኩት። እኔም ብሆን ጭንቅ ጥብብ ብሎኝ ነበር፤ ዝምታ ይህን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

«እሷ መስኮት ላይ ቆማ አታውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ረዳቴ ነበረች።»

ቀስ ብለው፣ እየቆሙ፣ ነገሩን። የመጀመሪያዋን አውቶቡስ ሲገዙ ለረዳት የሚከፍሉት አልነበራቸውም። ሚስታቸው በር ላይ ቆማ ተሳፋሪ ትጠራ ነበር፣ ሒሳብ ትቀበል ነበር፣ ጣራ ላይ ወጥታ ጭነት ታስር ነበር። የሚሰድቧት ነበሩ፤ መልሷን ሰምተው ዝም ብለው ይሳፈራሉ። የመጀመሪያዋን ልጅ አርግዛ እንኳ ከጣራ አልወርድም ብላቸው ነበር። በኋላ ድርጅቱ ሲያድግ፣ ልጆቹ ትልቅ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ይህ ነገር ከቤቱ ወሬ እየጠፋ ሄደ። ከሞተች ወዲህ ልጆቹ ለሰው ሲያወሩ እናታችን የቤት እመቤት ነበረች ነው የሚሉት።

«መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ድርጅቱን ያቆመችው እሷ ናት። መጽሐፍ እናጽፍልህ ሲሉኝ እሺ ያልኩት እሷን ላስገባት ብዬ ነው።»

ቀና ስል ያቺ መጀመሪያ የደወለችው ልጃቸው የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ይህ ነገር መጽሐፉ ላይ ባይገባ ይሻላል አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም፣ ሰው ምን ይላል የሚል ፍርሃት ነበረው። አባትየው እንግዲያው መጽሐፉም ይቅር አሉ። ሻዩን ሳታስቀምጥ ተመለሰች። ለባሌ የደወለችው ከሰነበተች በኋላ ነው። አባቴ ያሉትን ጻፈው፣ ብቻ እናቴን አታሳንሳት አለችው።

እንዲህ መጽሐፉ በእጁ ገባ። ዕረፍት ግን አልመጣለትም። አንድ መጽሐፍ ስንት ጊዜ ያኖራል? ቀጥሎስ? ቅዳሜ አለቃው ደወሉ፤ ሰኞ ጠዋት ወይ ትገባለህ ወይ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ አሉት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መመላለሱን ተያያዘው። እኔም አላረፍኩ፤ ያለ ምክንያት ተቆጣሁ፣ ተጸጸትኩ።

እሑድ ከሰዓት ልብስ እያጠፍኩ ነበር። እሱ ኮሪደሩን አንድ ጊዜ ጨርሶ ሲመለስ «እኔ እኮ…» አልኩት።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ብዬ ጀምሬያለሁ። ሁልጊዜ ከአፌ ይነጥቀኛል፤ ተመለስ ልትዪኝ ነው አይደል ይላል። እኔም እዚያው እተወዋለሁ። አሁንም አፉን ከፈተ። ከዚያ ገጠመው፤ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

ያኔ ጭንቀቱ የእኔ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የምለውን አላሰናዳሁም። እስካሁን እሱ እየጨረሰልኝ አሳልፌዋለሁ። አንሶላውን አጠፍኩ፣ ፈታሁ፣ መልሼ አጠፍኩ። እሱ ከወንበሩ አልተነሳም።

«እኔ እኮ ተመለስ ብዬህ አላውቅም» አልኩት። «አንተ ነህ ያልከው። ዝም ያልኩህ ቀንቼብህ ነው። አንተ በሩን ከፍተህ ወጣህ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። ብትመለስ እኩል እንሆናለን ብዬ ነው።»

ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሆዴ ውስጥ መኖሩን ያወቅሁት ስሰማው ነው። አፈርኩ፣ ማልቀስም አማረኝ። የሚያምር ነገር ብሎ እንዲያልፍልኝ ጠበቅሁ፤ ይችልበታል። አላለም። ፊቱ ልውጥ ብሎ ነበር፣ ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አላነሳም።

ቆየት ብሎ ስልኩን አንስቶ ለአለቃው ደወለ። አመሰገናቸው፣ አልመለስም አላቸው፤ እንዳይቀየሙትም ለመናቸው። ዘግቶ ስልኩን አልጋው ላይ ጣለውና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

«አንቺስ ወዴት መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

ከተጋባን ጀምሮ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አንሶላውን አስቀመጥኩ። አላውቅም አልኩት። እሱም ሊነግረኝ አልሞከረም።