ቅርጫት ሠሪው ሽማግሌ

ከእንጅባራ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የቀርከሃ ቅርጫት የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። የካፖርታቸው ቁልፎች አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም፤ ቀርከሃውን ሲሰነጥቁ ለብቻቸው በአዊኛ ያወራሉ።

አንድ ቀን አስጎብኚዋ ስሜነሽ ያመጣቻት ፈረንጅ ገና ከሚኒባሱ ሳትወርድ ስልኳን ደቀነች። ሽማግሌው ፊታቸውን በእጃቸው ጋረዱ።

«መጀመሪያ አንድ ዙር ትጎንጉን በያት።»

«ጋሼ፣ እንግዳዬ ትቸኩላለች፤ ትቀየመኛለች።»

«ከቸኮለችማ መንገዱ ያው።»

ስሜነሽ እየፈራች ተረጎመችላት። ሴትዮዋ ሳቅ ብላ ወረደችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ብዙ ታገለች፤ ዙሩ ግን ተንጋደደ። ስሜነሽ ልታቃናው እጇን ስትዘረጋ ሽማግሌው ከለከሏት።

«ተይው፣ የእሷ ነው። እኔንም ያስተማረኝ የባዕድ አገር ሰው ነው። በወጣትነቴ ለቀን ሥራ ሱዳን ሄጄ ታምሜ ስወድቅ አንድ ሽማግሌ ቤቱ አስጠጋኝ። እሱ ቋንቋዬን አያውቅ፣ እኔ ቋንቋውን አላውቅ፤ በእጃችን ነበር የምንግባባው። የመጀመሪያ ቅርጫቴን እንደተንጋደደ ገበያ ይዞልኝ ወጣ።»

«ማን ይባሉ ነበር?»

«እንጃ ልጄ። ድኜ አገሬ ስገባ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው መጣሁ።»

ቀርከሃውን አስቀመጡና ወደ እንግዳዋ ዞሩ።

«ማን ልበልሽ?»

ስሜነሽ ስትተረጉምላት ሴትዮዋ «ብሪጊታ» አለች።

ሽማግሌው አንደበታቸው ላይ እስኪቃና ድረስ ደጋገሙት፤ ከዚያ ደስ ብሏቸው ሥራቸውን ቀጠሉ።