ከናይሮቢ ወደ ጨንቻ የመለሰኝ ቪዛ

ከሲቀላ መናኸሪያ

ከአርባ ምንጭ የተነሳሁት ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አውቶቡሱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሞያሌ ነበር የሚሄደው፤ የእኔ ሐሳብ ግን ያለው ቻይና ነበር። ልጄ ምሕረት እዚያ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ከባሏ ከኤልያስ ጋር ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሰባት ሳምንት ያህል ቀርቷታል። በስልክ "እማዬ፣ አንቺ ካልመጣሽ አልወልድም" ብላኝ ስቃለች። ሳቁ ግን ከላይ ነው። ከዚህ በፊት አንድ ጽንስ ወርዶባታል፤ ስለዚያ ሁለታችንም አናወራም።

ባለፈው ዓመት በቱሪስት ቪዛ ሄጄ አንድ ወር አብሬያት ነበርኩ። የዚያ ቪዛ ጊዜ አልፏል። ለማሳደስ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ሲገባኝ ናይሮቢን የመረጥኩት በሰው ወሬ ነው። አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እህት፣ ዘመዷ የቻይና ቪዛዋን ናይሮቢ አሳድሳ በሳምንቷ እንደበረረች አጫወተችኝ። ናይሮቢ ደግሞ ወንዱ ልጄ ናትናኤል ይሠራል፤ ካየሁት ሁለት ዓመት አልፎኛል። እሱንም አያለሁ፣ ቪዛውንም ይዤ ከዚያው እበራለሁ አልኩ። ባለቤቴ ደስታ ሻንጣዬን ወደ መናኸሪያው እየጎተተ፣

"የሚለምን ሰው ከገዛ ደጁ ሆኖ ቢለምን አይሻልም?" አለኝ።

"ዘንድሮ ደጅ ማለት ኢንተርኔት ነው" ብዬ መለስኩለት። ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ መምህርት ስለሆንኩ ወረቀትና ፎርም አያስፈራኝም የሚል ኩራት ነበረኝ።

ወደ ሞያሌ

እስከ ኮንሶ ድረስ ያለውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። ጫሞ ሐይቅ በግራ በኩል ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ሙዝ የጫኑ መኪናዎች ከፊታችን ይመጣሉ። ኮንሶ ካራት ላይ ቁርስ በላን። ከኮንሶ ወዲያ እርከኑ እያለቀ፣ መሬቱ እየቀላ፣ የምስጥ ኩይሳው ከሰው ቁመት እየበለጠ ሄደ። አጠገቤ የተቀመጠችው ያቤሎ የምትወርድ የቦረና ነጋዴ ነበረች።

"ወዴት ነው ጉዞው?" አለችኝ።

"ቻይና።"

አውቶቡሱን ከፊት እስከ ኋላ ቃኘችውና "በዚህ?" አለች። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች። ልጄ ልትወልድ መሆኑን ስነግራት ግን መሳቋን ትታ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። "ከደረስሽ በኋላ ነው ፍጠኚ የሚባለው። አሁን መንገዱ በራሱ ጊዜ ነው የሚሄደው" አለችኝ። ያቤሎ ስትወርድ ከስሟ በቀር ሁሉን ነግራኝ ነበር።

ሞያሌ አድሬ በማግስቱ በኬንያ አውቶቡስ ማርሳቢትን አቋርጬ ናይሮቢ ገባሁ። ናትናኤል ከስቷል፤ ፂሙንም አሳድጓል። አቅፎኝ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም።

ናይሮቢ፣ የቪዛ ማመልከቻ ቢሮ

ፎርሙን ሞልተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ የምሕረትን የግብዣ ደብዳቤና የመኖሪያ ፈቃድ ኮፒ፣ የልደት የምስክር ወረቀቷንም ከነትርጉሙ አያይዘን ቀረብን። መስኮቱ ጋ ያለችው ኬንያዊት የምሕረት እኩያ ትሆናለች። ወረቀቶቼን በትዕግሥት አገላብጣ፣

"የኬንያ መኖሪያ ፈቃድዎ የታል?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

"እንግዳ ነኝ። ልጄን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

"እንግዲያው ከዚህ ልንቀበልዎ አንችልም፤ በአገርዎ ነው የሚያመለክቱት። እዚህ የምንቀበለው ኬንያዊ ወይም የኬንያ ነዋሪ ከሆነ ነው።"

የዚያችን እህት ዘመድ ታሪክ ነገርኳት። ፈገግ ብላ፣ "እሷ የሥራ ፈቃድ ይኖራት ይሆናል" አለች። ኋላ በስልክ ሳጣራ እውነቷን ነው፤ ሴትዮዋ ናይሮቢ ስድስት ዓመት የሠራች ነበረች። ያልጠየቅኩት ይህንን ብቻ ነው። ደንቡም ቢሆን ተደብቆ አልነበረም፤ ሳላነበው የመጣሁት እኔ ነኝ።

ልነሳ ስል ልጅቷ ጠራችኝ። የልደት ወረቀቱ ላይ ጣቷን አድርጋ፣ "ይህ አገርዎም ቢገቡ ያስቸግርዎታል። የእናት ስም አበበች ይላል፤ ፓስፖርትዎ ግን አስቴር ነው። እናቷ መሆንዎ በምን ይታወቃል?" አለች።

ክው አልኩ። ወላጆቼ ያወጡልኝ ስም አበበች ነው። አስቴር የተባልኩት በልጅነቴ ጌታን ስቀበል ነው፤ ትምህርቱንም ሥራውንም ፓስፖርቱንም የያዝኩት በዚህኛው ስም ነው። የምሕረትን የልደት ወረቀት ግን ያወጣላት አባቷ ነው፤ ደስታ ደግሞ ከተጫጨን ጊዜ ጀምሮ አበበች እንጂ አስቴር ብሎኝ አያውቅም። ሲጠይቁት እንደ ልማዱ ተናግሯል። ባለፈው ዓመት በሆቴል ማስያዣ ስለሄድኩ ማንም ይህን አላየብኝም ነበር።

ናትናኤል ታክሲ ውስጥ "ይቅርታ እማዬ፣ ቀድሜ ማጣራት ነበረብኝ" እያለ ደጋገመ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። በእሱ ተናድጄ እንዳይመስላችሁ፤ ድምፄን ባወጣ ማልቀሴ ነው። ለምሕረት ስንደውልላት "ችግር የለም፣ ገና ጊዜ አለን" አለች። ያጽናናችኝ እሷ መሆኗ ይበልጥ አንገበገበኝ።

ጨንቻ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። አርባ ምንጭ ሁለት ቀን ብቻ አርፌ ወደ ጨንቻ ወጣሁ፤ ምሕረት የተወለደችውም፣ ወረቀቷ የወጣውም እዚያ ነው። እኔና ደስታ በወጣትነታችን ስምንት ዓመት አስተምረንበታል።

ሚኒባሱ ጫኖን አልፎ ወደ ግራ ታጥፎ መውጣት ሲጀምር ሙቀቱ ከኋላችን ይቀራል። ማንጎና ሙዙ አልቆ እንሰትና ቀርከሃ ይተካል፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን ያወጣል። ጨንቻ ስገባ ጉም ከተማዋን ውጧት ነበር። መንገድ ዳር ፖም ከሚሸጡት ሴቶች ሁለት ፍሬ ገዝቼ አንዱን እየገመጥኩ ወደ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሮ ሄድኩ።

መዝጋቢው ትሑት ወጣት ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ተመለከተ።

"እናቴ፣ ሁለቱም እርስዎ እንደሆኑ እኔ አምናለሁ። ወረቀቱ ግን አያምንም። ዘመድ ያልሆኑ፣ ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁዎት ሦስት ምስክሮች ያስፈልጋሉ።"

ሁለቱን አላጣኋቸውም። አንዱ አብሮን ያስተምር የነበረ መምህር ነው፤ ሁለተኛው ተማሪዬ የነበረ፣ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየ ሸማኔ። ለሦስተኛው የድሮ ጎረቤታችንን እማማ ብርቄን አሰብኩ። በሕይወት መኖሯን እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም። ቤቷ ስደርስ በር ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ድምፄን ስትሰማ ግን በጋሞኛ ስሜን ጠርታ ብድግ አለች። የጠራችው አበበች ብላ ነው።

ቢሮው ውስጥ ተራዋ ሲደርስ መዝጋቢው "ይህቺን ሴት ያውቋታል?" አላት። እማማ ብርቄ አማርኛን የለመደችው ከገበያ ነው።

"አበበችም እሱ ናት፣ አስቴርም እሱ ናት" አለች። ልጁ ሳቁን ዋጠ። እሷ ግን ቀጠለች፣ "ሴት ልጁን በዚህ እጅ ነው የተቀበልኩት። ክረምት ነበር። ጎርፍ መንገዱን ቆረጠ፤ የአበበች እናት ከቦንኬ መምጣት አልቻለም። አርባ ቀን ሙሉ ያረስኩት እኔ ነኝ። ገንፎ አበላሁት፣ ሕፃኑን አጠብኩት። እንዴት አላውቀውም?"

መዝጋቢው ብዕሩን ይዞ ቀረ። "ይህን ሁሉ እንኳ አልጽፈውም" አለ፤ "ግን ገብቶኛል።"

እኔ አንገቴን አቀረቀርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ስናገር የኖርኩት "እናቴ ሳትደርስልኝ ወለድኩ" እያልኩ ነው። ምሕረትም ከእኔ የሰማችው ይህንኑ ነው፤ "አንቺ ላይ ግን አይደርስም፣ እኔ አለሁልሽ" የምላትም ከዚያ ተነስቼ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ እማማ ብርቄ አልነበረችም። አርባ ቀን ያጎረሰችኝን እጅ፣ እናቴ ባለመምጣቷ ቁጭት ሸፍኜ ረስቼው ኖሬአለሁ። ከቢሮው ስንወጣ እጇን ይዤ "እማማ፣ አንድም ቀን አላመሰገንኩሽም" አልኳት።

"ምን ትላለች?" አለች ወደ ሌሎቹ ምስክሮች ዞር ብላ። "እኔ ስወልድስ ማን አረሰኝ? ጎረቤት።"

የተስተካከለውን ወረቀት በማግስቱ ስቀበል ስልኬ ጮኸ። ኤልያስ ነበር። ምሕረት ከቀኗ አንድ ወር ቀድማ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሕፃኗ አነስ ብትልም ደህና ናት፤ ለጥቂት ቀን ሆስፒታል ትቆያለች። "እማዬ፣ አይዞሽ" አለኝ። ቢሮው ደጃፍ ላይ፣ ካፊያው እየመታኝ ቆምኩ። ደስታዬ እውነተኛ ነው፤ አለመድረሴም እንዲሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

አዲስ አበባ

አዲስ አበባ ማመልከቻዬን ያለ ችግር ተቀበሉኝ። አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ የልደት ወረቀቱን አይተው መለሱልኝ። ውጤቱን እየጠበቅኩ እህቴ ቤት ተቀምጬ በየቀኑ ምሕረት ጋ እደውላለሁ። ስደውል ግን የጠበቅኩትን ጭንቀት አላገኘሁም።

"ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ሴት አለች፤ አክስት ሊ ነው የምንላት" አለችኝ። "ከሆስፒታል ከተመለስኩ ጀምሮ ከቤቴ አልጠፋችም። እነሱም አንድ ወር አራስ ከቤት አትወጣም ይላሉ። ቀዝቃዛ ውሃ እንዳልነካ ትቆጣኛለች። መስኮት ስከፍት ትዘጋለች። የዳጉሳ የሚመስል ገንፎ በቡናማ ስኳር ሠርታ እስክጨርስ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች።"

"ልክ ነች" አልኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ ምስጋና እንዳልነበር አልደብቅም፤ ቅናት ነበር። ቦታዬን ሌላ ሰው ይዞብኛል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሳስበው ዋልኩ። እማማ ብርቄ ያኔ ገንፎውን ይዛ ስትገባ፣ ቦንኬ የቀረችው እናቴም ይህንኑ ቅናት ቀምሳ ይሆን? ወይስ አልጋዬ አጠገብ ሰው መኖሩን ሰምታ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳት? አሁን ልጠይቃት አልችልም። እኔ ግን በማግስቱ በቪዲዮ ስደውል "ስልኩን ለአክስት ሊ ስጫት" አልኩ። ቋንቋ የለንም። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ፤ እሷ ሕፃኗን ወደ ስልኩ አስጠግታ ጉንጯ መሙላቱን በጣቷ አሳየችኝ።

ቪዛው ተሰጠኝ፤ አንድ ጊዜ መግቢያ፣ ሠላሳ ቀን መቆያ። በረራዬ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ሆነ፤ ስደርስ የአራስነቱ ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ይቀረዋል። የደስታን የስኳር መድኃኒት ማዘጋጀትና ሻንጣዬን መሙላት ስለነበረብኝ መጀመሪያ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቤቴ

በሶዶ በኩል አርባ ምንጭ የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ጎረቤቶቼ "እንኳን ጌታ በሰላም ገላገላት" እያሉ ግቢውን ሞሉት። ደስታ ቪዛዋን በመነጽሩ አገላብጦ አየና "ቆንጆ ናት፤ ዘገየች እንጂ" አለ።

መዘግየቷ እውነት ነው። ናይሮቢ ባልሄድ ኖሮ ምናልባት እደርስ ነበር፤ ይህን ለማንም አላሳምርም። ከመነሳታችሁ በፊት የሰው ወሬ ሳይሆን ደንቡን አንብቡ፤ ስማችሁም በሁሉም ወረቀት አንድ ይሁን። ይህ ለመንገደኛ የሚሆን ምክር ነው። ለራሴ የያዝኩት ግን ሌላ ነው። ልጄ ያለ እኔ የምትወድቅ መስሎኝ ሁለት አገር ተሯሯጥኩ፤ የወደቀችው ግን ሰው እጅ ላይ ነው። እኔም ድሮ የወደቅኩት እንዲሁ ሰው እጅ ላይ ነበር።

ያን ዕለት ምሕረት በቪዲዮ ደወለች፤ የምበርበትን ቀን ነገርኳት። ከኋላዋ አክስት ሊ የሆነ ነገር ስትናገር ምሕረት መሳቅ ጀመረች።

"ምን አለች?" አልኳት።

"'እናትሽ ብዙ መንገድ ነው የምትመጣው' አለች። 'በልታ፣ ታጥባ፣ እንቅልፍ እስክትጠግብ ሕፃኗን አልሰጣትም' አለች።"

"እሺ በያት" አልኩ።