በቱቦውና በሣር ክዳኑ መካከል

እናቴ ጉኑኖ አጠገብ ባለው የሣር ቤታችን መሐል ወለል ላይ እሳት ስታነድ ነው ያረጀችው። ጣራው ከውስጥ ጥላሸት ለብሶ ያብለጨልጫል፤ አንድም ቀን ግን እሳት ነክቶት አያውቅም። የተጎዱት ዓይኖቿ ናቸው። የጤና ሠራተኛዋ «እማማ፣ ከዚህ ጭስ ካልራቁ ዓይንዎ ጨርሶ ይጠፋል» ያለቻት፣ እኔ ሶዶ ቤት ተከራይቼ፣ ታናናሾቼን በሚያክሉ ተማሪዎች መካከል ተቀምጬ ስድስተኛ ክፍል በምማርበት ዓመት ነበር። ከአረካ አንድ ቆርቆሮ ሠራተኛ ይዤላት ሄድኩ።

ሰውየው ምድጃውን በጭቃ ሠርቶ የጭስ መውጫውን ቱቦ በጣራው አሳለፈ። በቱቦውና በሣሩ መካከል ዙሪያውን ክንድ ያህል ክፍት ተወ፤ ከላይ ሰፊ የቆርቆሮ ባርኔጣ ደፋበት።

«ይህን ክፍተት ማንም እንዳይነካው» አለ።

እናቴ አንጋጣ አየችና «ይኸ ሰውዬ ሰማይ አሳይቶኝ ሄደ» አለች።

ክረምት ሲገባ ልጠይቃት ሄድኩ። ገና ከአጥሩ በር ለየችኝ። ዓይኗ ጠርቷል።

«ከስተሻል እኮ! አንቺ መጽሐፉን ትበያለሽ ወይስ መጽሐፉ አንቺን?»

በቆሎ እየተቀቀለ ነበር። እጄን ይዛ ከምድጃው አጠገብ አቆመችኝና ወደ ላይ ጠቆመች። «እይማ፣ አሁን ጠብታ አይገባም።» ነፋስ ዝናቡን እያዘለ ሲያስገባባት፣ ክፍተቱን በተጎነጎነ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅጥቃዋለች። ዝርክርክ ሥራ አልወድምና መጀመሪያ ያደነቅኩት አጎናጎኗን ነው። ቀጥሎ ከቅጠሉ ስንዝር በራቀው ሣር ላይ ቀጭን ጭስ አየሁ።

በዚያ ቤት ጭስ አይቶ የደነገጠ ሰው ኖሮ አያውቅም። እኔ ክው አልኩ። አሁን እኮ ጭሱ ሁሉ በቱቦው ነው የሚወጣው፤ ይኸ ከየት መጣ?

«አዬ፣ እናቴ፣ ውጪ!»

«ምን ሆንሽ? በቆሎው—»

ጎትቼ አወጣኋት። ጎረቤታችን የሆነው አጎቴ ጩኸቴን ሰምቶ መሰላል ይዞ ደረሰ። ጣራው ላይ ወጥቶ ቅጠሉን መንጭቆ ሲያወጣው፣ ከጋለው ቱቦ ተለኩሶ ውስጥ ውስጡን ይበላ የነበረው እሳት አየር አገኘና ፊቱ ላይ ቦግ አለ። ሰዎች ውሃ የያዘ እርጥብ እንሰት እየጎመዱ አቀበሉት፤ እሱ ሣሩን እየገመሰ ጣለ። እናቴ ጭቃው ላይ ተቀምጣ እጇን ታያለች። «በእጄ?» ትላለች ደጋግማ። «በገዛ እጄ?»

አጎቴ ቅንድቡ ተለብልቦ ወረደ። «ይህን መድፍ ንቀዪና ጣዪ! አያቶቻችን ያለ ቱቦ ኖረዋል።»

«ኖረዋል» አለች እናቴ። «ሲታወሩ አንተ ነበርክ የምትመራቸው?»

ክዳኑ ሲታደስ ከመሰላሉ ሥር አልጠፋችም። የክንዷን ልክ በእንጨት ሰጥታ፣ ዙሪያውን በዚያ እንዲለኩ አዘዘች። ዝናቡ እንደ በፊቱ ገባ፤ ሳፋ አስቀመጠችለት።

በበዓል ስሄድ እንግዶች «ምነው ይህን ቀዳዳ አትደፍኚውም?» ይሏታል። እኔ አሁንም ያ ቦግታ ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል። እሷ ግን አንጋጣ ታይና «ደመናው ጠቁሯል» ትላለች፤ «ሳፋውን አቀብሉኝ።»