በልቻለሁ

ደብረ ታቦር ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር ጠጉሬ ሸበተ። እንደ «ሃቭ ኢትን» ግን ያደከመኝ ትምህርት የለም። በየዓመቱ ጠመኔዬን ይዤ ያንኑ እደግማለሁ፤ መብላቱ አልፏል፣ ጥጋቡ ግን አሁንም ከሰውየው ጋር አለ እላለሁ። ይገለብጣሉ፣ በማግስቱ ይረሱታል።

ለልምምድ በየተራ «ሃቭ ዩ ኢትን?»፣ በልተሃል ወይ፣ ስላቸው ሁሉም «የስ፣ አይ ሃቭ» ይላሉ። አብዛኞቹ ከገጠር መጥተው ቤት የተከራዩ፣ ወላጆቻቸው ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ በሚያመጡላቸው ስንቅ የሚኖሩ ናቸው። ሐሙስ ላይ ድርቆሹም በሶውም እንደሚያልቅ አውቃለሁ። በእኛ አገር ግን በልተሃል ወይ ሲባሉ አልበላሁም ማለት ነውር ነው። ሆድ እየጮኸ አፍ «ጠግቤያለሁ» ይላል። ነገሩ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ይሉኝታችን አንዳንዴ ያናድደኛል።

አንድ ሐሙስ፣ ከጋፋት ወዲያ ካለ ሩቅ ቀበሌ የመጣች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ተራዋ ደረሰና ቀስ ብላ «ኖ፣ አይ ሃቭ ኖት» አለች። የተሳሳተች መስሏቸው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ፊቷን ሳየው መሳቅ አልሆነልኝም።

ከደወል በኋላ ጠርቼ በአማርኛ ብጠይቃት «ኧረ በልቻለሁ መምህር፣ እግዜር ይስጥዎት» አለችኝ። በእንግሊዝኛ ደገምሁላት። አቀረቀረችና «ኖ» አለች። አባቷ ታመው ስንቁ ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ ትምህርቷን ትታ ልትመለስ ቆርጣ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳዋ እኛ ቤት ሆነ። ባለቤቴ ብይ ስትላት ትግደረደራለች። እኔ በእንግሊዝኛ ስጠይቃት እጇን ትታጠባለች። በሰው አገር ቋንቋ ይሉኝታ አልያዛትም።

ወር ማለቂያ ላይ አንድ ቀን ባለቤቴ ለቅሶ ሄዳ፣ ሞሰቡን ብከፍተው የቀረችው አንዲት እንጀራ ናት። ከጧት ጀምሮ ሳስተምር እህል በአፌ አልዞረም። ቢሆንም ወጥ አፍስሼ ወደ ልጅቱ ገፋሁላት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሃቭ ዩ ኢትን፣ መምህር?»

«የስ፣ አይ ሃቭ» አልኋት።

እንጀራዋን ከሁለት ቆርሳ ግማሹን ወደ እኔ መለሰችው።

«ታዲያ ጥጋቡ የታለ፣ መምህር?»

እጄን ታጠብሁ።