የአራስ ቤት ድንች

መንገድ ከተዘጋና ትምህርት ከተቋረጠ ሁለተኛ ሳምንት ሆኖታል። ቡሬ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ድንች ከነልጣጩ ቀቅዬ ክዳኑን ስከፍት፣ አፈር አፈር የሚሸተው ሞቃት እንፋሎት ፊቴን መታኝና ፍኖተ ሰላም፣ እናቴ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ወስዶ አስቀመጠኝ። ሰው መውጫ ሲያጣ እንፋሎት መንገድ አያጣም።

መምህር ነኝና ሳላስረዳ አላልፍም፤ ተማሪዎቼም ይህን ጠባዬን ያውቁታል። ለዚህ ምግብ አዲስ ድንች አይሆንም፣ ውኃ ይበዛበታል፤ ቆየት ብሎ ልጣጩ የጠነከረው ነው የሚሻለው። ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ጣት እያቃጠለም ቢሆን በትኩሱ ይላጣል፣ በትኩሱም ይደቃል፤ ከቀዘቀዘ ይጓጉላልና። መጀመሪያ ለጋ ቅቤ፣ ቀጥሎ የሞቀ ወተት፣ እሱም ጥቂት በጥቂት። ማድቀቁም ልክ አለው፤ ሲያበዙበት እንደ ሙጫ ሆኖ ማማሰያውን አልለቅም ይላል። እኛ ቤት ስሙ ድንች በወተት ነበር። ያስተማረችኝ ታላቅ እኅቴ ይታይሽ ናት፤ ያውም ከአልጋዋ ሳትነሣ።

ይታይሽ ያኔ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከዓመት በፊት መራዊ ከእህል ነጋዴ ጋር ለሚሠራ ወጣት ስትዳር ትምህርቷን እንድትጨርስ ስምምነት ነበረና እኛው ዘንድ ቀርታ ተማረች፤ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚወለደው። በሚያዝያ ሴት ልጅ ተገላገለች። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ እስከዚያ እናትየዋ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። እናቴ ግን በዚህ ላይ የራሷን ሕግ ጨምራለች፤ አራስ ክርስትናው እስኪደርስ ከደጅ አትወጣም። ሕጉ ያለ ምክንያት አልመጣም። ታናሽ እኅቷ አራስ ሳለች ምንጭ ወርዳ ውኃ ቀድታ ተመልሳ፣ በሦስተኛው ቀን ሞታለች። እናቴ ምች ነው ትል ነበር። እኔም ያን ታሪክ ስሰማ ነው ያደግሁት።

ሥርዓት የምወድ ልጅ ነበርሁና ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ በከሰል ሰማንያ መስመር አሰመርሁ፤ በየጠዋቱ አንዱን እሰርዛለሁ። የመልቀቂያው ፈተና የሚጀምርበትን ቀን ብቆጥረው ሥልሳ ሦስተኛው መስመር ላይ ዋለ። ይታይሽ ግድግዳውን ስታይ ቆየችና ወደ ሕፃኗ ዞረች።

«አንቺ ልጅ፣ ወንድ ብትሆኚ ኖሮ እናትሽ በአርባ ቀኗ ትፈታ ነበር እኮ! ቀን መቁጠር አታውቂም እንዴ?»

ሳቅሁ። እርሷም ሳቀች፤ እርሷ ግን ቶሎ አቆመች።

ገንፎው ከአንድ ወር በኋላ እንቢ አላት፤ ሽታው ገና ከጓዳ ሲነሣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። ድንች በወተት ያን ጊዜ መጣ። እኔ ጓዳ፣ እርሷ ከመጋረጃው ኋላ ሆነን እየተጯጯህን እንሠራለን።

«ሙሉ! ወተቱን አሙቀሽዋል?»

«አሙቄዋለሁ!»

«ውሸታም! ክዳኑ ሲንኳኳ አልሰማሁም።»

ከአልጋ ሳትወርድ ቤቱን በሙሉ በጆሮዋ ታውቀው ነበር፤ የትኛው ድስት እንደተጣደ፣ የማን እግር ደጃፋችንን እንዳለፈ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ለስንተኛ ክፍለ ጊዜ እንደተመታ። የሰኔ ጾም ሲገባ ደግሞ ሥራዬ ከበደ። አራስ አትጾምም፤ እኔ ግን የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁና እጾማለሁ፤ ስለዚህ ድንቹን ሳልቀምስ፣ ጨው በማሽተት የሚለይ ይመስል አፍንጫዬን ድስቱ ላይ ደፍቼ ነበር የምሠራው። ይታይሽ አንዴ ጎርሳ ዓይኗን ታፈጣለች። «ዛሬስ አሞሌ ጭነሽ ነው የመጣሽ፣ ነጋዴዋ!»

ከትራሷ ሥር ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባት ብረት ተቀምጧል፤ እርሷ ከብረቱ ጎን የፊዚክስ ደብተሯን አስተኝታ፣ ሕፃኗን እያጠባች ታነባለች። እናቴ እሺ እንድትላት ያልሞከረችው መንገድ አልነበረም።

«እማ፣ አራት ቀን ብቻ እኮ ነው። ባጃጁ ደጅ ድረስ ይመጣል፤ ተሸፋፍኜ እሄዳለሁ።»

«ልጄ፣ ፈተናው ለከርሞም ይመጣል። እኅቴ ግን ለከርሞ አልመጣችም።»

በፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አንዲት የክፍል ጓደኛዋ የመፈተኛ ካርዷን አመጣችላት። ይታይሽ ካርዱን ደብተሯ ውስጥ ከታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ነገ እማ ኪዳን ስትሄድ እወጣለሁ። ልጄን ትይዥልኛለሽ። ላንቺ ብቻ ነው የነገርሁሽ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ምንጭ የወረደችው አክስቴ ግን ከዓይኔ አልጠፋችም። በማግሥቱ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ይታይሽ ልትታጠብ ወደ ጓዳ ስትገባ ካርዱን ከደብተሩ አውጥቼ ከድንቹ ከረጢት ሥር ሸሸግሁት። ተንኮል አልነበረኝም። እኅቴ እንዳትሞትብኝ ነበር።

ተመልሳ ደብተሩን ገለጠች፤ አራገፈችው። ትራሱን፣ ፍራሹን፣ የሕፃኗን ጨርቅ ሳይቀር አንድ በአንድ ፈታች።

«ሙሉ፣ እዚህ ነበር እኮ። አላየሽውም?»

«አላየሁም።»

ተፈታኞቹ ካርድ የሌለው አይገባም ተብለው ነበር፤ እርሷም አመነች። ደወሉ ተመታ። ቁልፉ አልገጥም ባለው የደንብ ልብሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ወተቷ ሸሚዟን አርሶት ነበር። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ድንች በወተት ሠርቼ አመጣሁላት፤ ሁሉንም በላችው። እናቴ ስትመለስ የደንብ ልብሱን አየችና ሕፃኗን ተቀበለችኝ። ካርዱን ከሰዓት በኋላ እሳት ውስጥ ጨመርሁት።

ለከርሞ የተባለው ከርሞ አልመጣም። ከክርስትናው በኋላ ይታይሽ መራዊ ሄደች፣ ሁለተኛ ልጅ ተከተለ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ዛሬ ከባሏ ጋር እህል ትሸጣለች፤ ማታ ማታ የልጆቿን የቤት ሥራ ታርማለች፤ ከመምህሮቻቸው የበለጠ ትጠነቀቃለች ይሏታል። እናቴም አርፋለች። እኔ መምህር ሆንሁ።

በማስተማር በመጀመሪያው ዓመቴ ለፈታኝነት ተመደብሁ። በሩ ላይ ሳለሁ አንዲት ልጅ እያለቀሰች መጣች፤ ካርዷ ጠፍቷል። የእርሷ ነገር አበቃ ብዬ አሰብሁ። የፈተና ጣቢያው ኃላፊ ግን ስሟን ከዝርዝሩ ላይ ፈልጎ አገኘ፣ የክፍል ኃላፊ መምህሯን አስጠራ፣ መምህሩ «የእኔ ተማሪ ናት» አለ፣ ልጅቷ ፈረመች፣ ገብታ ተቀመጠች። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ድሮም እንዲሁ ነበር ወይ ብዬ አንድ አንጋፋ መምህር ጠየቅሁ። «ድሮም እንዲሁ ነው» አሉኝ፣ «ልጁ በሩ ድረስ ይምጣ እንጂ።»

ከቤታችን እስከ ይታይሽ ትምህርት ቤት በር የሩብ ሰዓት መንገድ ነበር።

አሁን መንገዱ ተዘግቷል፣ ስልኩም አይሠራም፤ ለይታይሽ ይህን የማልነግርበት በቂ ምክንያት አለኝ። ነገር ግን መንገዱ ክፍት በነበረበት ጊዜም፣ መራዊ በሄድሁ ቁጥር፣ ከፊቷ ቁጭ ብዬ አልነገርኋትም።