ጊዮርጊስ ደጃፍ የወደቀው ሞተረኛ

ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ይህን መጀመሪያ ላይ የምናገረው ከሌላ ሰው ሰምታችሁ ከምትስቁብኝ ከራሴ ሰምታችሁ ብትስቁ ይሻላል ብዬ ነው። አፍንጮ በር እኖራለሁ፤ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ የሙሽሮችን ጣት እለካለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለክቻለሁ። ለዚህች ለሃያ ደቂቃ መንገድ ነው እንግዲህ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ሞተር ሳይክል የገዛሁት። ለመንጃ ፈቃዱ፣ ለሰሌዳውና ለማኅተሙ የተመላለስኩት ብቻ ቢደመር በእግሬ ደብረ ብርሃን ደርሼ እመለስ ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ "አጥናፉ በስተርጅና ምን ነካው?" አለ። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ "ጊዜ ለመቆጠብ ነው" እላለሁ። በቆጠብኩት ጊዜ ምን እንደማደርግ ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም መልስ አልነበረኝም።

እውነቱን ለእናንተ ልናገር። ግራ ጉልበቴ ከድቶኛል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን ዳገት ልጅ ሆኜ ኳስ እያንከባለልኩ በሩጫ እወጣው ነበር። አሁን ሦስት ቦታ እቆማለሁ። መቆሜ እንዳይታወቅብኝ አንዴ ስልክ እንደተደወለለት ሰው እሆናለሁ፤ አንዴ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አስራለሁ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። ታክሲ እንዳልይዝ ደግሞ ከስድስት ኪሎ ጢም ብሎ ነው የሚመጣው፤ ለሁለት ፌርማታ ሰው ብሎ የሚያቆምልኝ የለም።

በዚህ ምክንያት ማርፈድ አበዛሁ። የሱቁ ባለቤት አቶ ጎይቶም ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ ቀን ጠሩኝና "አጥናፉ፣ እኔና አንተ አብረን ነው ያረጀነው፤ ሱቁ ግን ሦስት ሰዓት ላይ መከፈት አለበት። ካቃተህ ንገረኝና ቤትህ እረፍ" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ቤትህ እረፍ" የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ሰፈራችን ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ የሚሞቁትን ጡረተኞች በየቀኑ ሰላም እላቸዋለሁ። በሳምንቱ ሞተር ስለመግዛት ማሰብ ጀመርኩ።

ስለ ጉልበቴ ለባለቤቴ ለአይናዲስም አልነገርኳትም። ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል፤ የማትሰማው ሚስጥር የለም ማለት ይቻላል። ጉልበት ግን ወንድ ልጅ ለሚስቱ የሚነግረው ነገር ሆኖ አልታየኝም። ሞተሯን ይዤ ስገባ ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረቻት፤ ከዚያም ወገቧን ይዛ ቆመች።

"አንዴ ብትወድቅ፣ አንዴ ብቻ፣ በማግስቱ ትሸጣታለህ" አለች።

"አልወድቅም።"

"ማልልኝ።"

በጊዮርጊስ ማልኩላት። ከቅዱሳን ሁሉ እሱን የመረጥኩት ፈረሰኛ ስለሆነ የሞተረኛን ነገር ያውቃል ብዬ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሞተሯ ለእኔ ከሞተር በላይ ሆነች። እሷ ከተሸጠች ዳገቱ አለ፤ ዳገቱ ካለ ማርፈድ አለ፤ ካረፈድኩ ደግሞ ግድግዳ ተደግፌ ፀሐይ መሞቅ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በደህና ነዳሁ። በደህና ስል ከፍርሃቴ ብዛት ትንፋሼን ይዤ፣ መሪውን አንቄ ማለቴ ነው። ብስክሌት የሚነዱ ልጆች ይቀድሙኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ለመድኩ፤ ያፏጨሁባቸው ጠዋቶችም ነበሩ። ጉድ ያደረገኝ መልመዴ ነው።

ሞተር ሻጩ ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር። ሞተር ላይ ነዳጅ የሚሰጠው ቀኝ እጅ ነው። የፊት ፍሬኑን የሚይዘውም እሱው ነው። የሚያማትበውም እሱው ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ በጊዮርጊስ ሳልፍ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ አማትቤ ነው የማልፈው። እጄ ሲነሳ እኔን አስፈቅዶ አያውቅም።

ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ መንገዱ በዝናብ ርሶ ሳለ፣ ዳገቱን ጨርሼ አደባባዩ ጋ ስደርስ ደወል ተደወለ። እጄ ተነሳ። "በስመ አብ" ብዬ ግንባሬን ስነካ ሄልሜቴን ኳ አደረግሁት። "ወወልድ" ብዬ ወደ ሆዴ ስወርድ ሞተሯ ተንገጫግጫ ጠፋች። "ወመንፈስ ቅዱስ"ን የጨረስኩት አስፋልት ላይ ተጋድሜ ነው።

ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ አየኝና "ፋዘር፣ መሳለም ይበቃ ነበር እኮ! ስግደቱን ማን አዘዘዎት?" አለ። ሎተሪ አዟሪው ደግሞ ደግፎ እያነሳኝ "አይዞዎት፣ እዚህ አደባባይ ላይ ከፈረሱ ወርዶ የሚያውቅ የለም፤ የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት" አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ እውነቱን ነው፤ ንጉሡም በሐውልታቸው ፈረሳቸው ላይ ናቸው፣ ቅዱሱም ፈረሱ ላይ ነው። አራዳ ተወልጄ አራዳ ያረጀሁ ሰው፣ እዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የወጣልኝ ፋራ ሆንኩ።

የተመታው የትኛው ጉልበቴ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሱሪዬም ተቀዶ ነበር። አብራኝ የምትሠራው ዊንታ የምትባል ልጅ ቁስሌን በፕላስተር ለጠፈችልኝ፤ ሱሪዬንም በስስ ክር ጥልፍ አስመስላ ሰፋችልኝ። ማታ አይናዲስ ሳነክስ አይታ ስትጠይቀኝ "የባንኮኒው ጠርዝ መታኝ" አልኳት። ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሞ ምንም ያላደረገኝን ባንኮኒ በሐሰት ከሰስኩት።

ከዚያ በኋላ መላ ፍለጋ ገባሁ። በግራ እጅ ማማተብ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። አንገቴን ብቻ ዝቅ አድርጌ ለማለፍ ሞከርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ታላቁን ወንድሙን ሰላም ሳይል እንዳለፈ ሰው ከነከነኝ። ቆሜ ለመሳለም ሞከርኩ፤ ከኋላዬ ያለው የመኪና ጡሩምባ ቅዳሴውን ሊበጠብጥ ደረሰ። ድልድዩ ጋ ስደርስ አስቀድሜ አማትቤ በዚያው ለመውጣትም ሞከርኩ፤ ደጁ ስደርስ እጄ ይህን ስምምነት አላውቅም ብሎ ሊነሳ ሲል በግራዬ ያዝኩት። አስቡት፣ በሁለት እጄ አንድ እጀታ ይዤ አደባባይ ስዞር። በመጨረሻ ጊዮርጊስን ላለማየት በሌላ መንገድ መዞር ጀመርኩ። እንዳላረፍድ ከወትሮው ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ከቤት እወጣለሁ። ጊዜ ለመቆጠብ የገዛኋት ሞተር ማለት ይህች ናት።

ነገሩ ሲብስብኝ የንስሐ አባታችንን መምሬ ደምመላሽን ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አወዳደቄን፣ መሐላዬን፣ በባንኮኒው ላይ የተናገርኩትን ሐሰት ጭምር። በመጨረሻም ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኋቸው።

"አባቴ፣ ሄልሜት ባርኔጣ ነው?"

መምሬ ብዙ አሰቡ። ሳቃቸውን እየዋጡ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። "ልጄ፣ ሄልሜቱን አታውልቀው፤ እጅህንም ከመሪው አታንሳ። አንገትህን ዝቅ አድርግና በልብህ ተሳለም። ፈረሰኛው ልጓም መያዝ ምን እንደሆነ ያውቃል" አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አጠቆሩ። "ሚስትህን ስለዋሸሃት ግን ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት አርባ አንድ ስግደት ትሰግዳለህ። እውነቱንም ትነግራታለህ።"

ስግደቱን ተቀበልኩ። እውነቱን ለሌላ ጊዜ አቆየሁት።

በዚያ ጉልበት አርባ አንድ ጊዜ ወድቆ መነሳት ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። በአልጋው ራስጌ እየተደገፍኩ፣ እያቃሰትኩ፣ ቁጥሩ እየጠፋብኝ እንደገና እየጀመርኩ ሰገድኩ። በአራተኛው ቀን ሠላሳኛው ላይ ስደርስ አይናዲስ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጨብጣ ይዛዋለች።

"ማን ናት?" አለችኝ።

"ማን?"

"አቶ አጥናፉ፣ አታሞኘኝ። በዚህ ዕድሜህ ሞተር ገዛህ። ከወትሮው ቀደም ብለህ ከቤት ትወጣለህ። ሱሪህ በሴት እጅ ተሰፍቶ መጣ፤ የኔ ስፌት አይደለም። አሁን ደግሞ ትሰግዳለህ። ሰው ሳይበድል በየጠዋቱ አርባ አንዴ አይሰግድም። ቆጥሬሃለሁ። ያቺ ዊንታ ናት?"

ዊንታ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። "ጋሼ" ነው የምትለኝ፤ ግንባሬ ላይ የሰቀልኩትን መነጽር የምትፈልግልኝ እሷ ናት። ነውር ነው ግን አልደብቃችሁም፤ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። በዓለም ላይ ይህን የሚጠረጥርልኝ ሰው መኖሩ! ከዚያ ደግሞ የባሰ ሐሳብ መጣብኝ፦ ዝም ብል እኮ ሞተሯ ትተርፋለች። ይህን ያሰብኩት ግንባሬ መሬት ላይ ሳለ ነው።

ቀና ስል ነጠላዋን እንደጨበጠች በሩ ላይ ቆማለች። አይናዲስ የምትጮህ ሴት ናት፤ ስትቆጣ ጎረቤት ይሰማል። ያን ቀን ግን ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ፈራሁ። አቶ ጎይቶም "ቤትህ እረፍ" ሲሉኝ እንኳ እንዲያ አልፈራሁም።

"ወድቄ ነው" አልኳት። "ከሞተር። ጊዮርጊስ ደጃፍ። ሳማትብ።"

ሁሉንም ነገርኳት። ረዳቱ ያለኝን፣ ሎተሪ አዟሪው ያለኝን፣ የሄልሜቱን ጥያቄ። ጉልበቴንም ነገርኳት፤ ማሰሪያ የሌለውን ጫማ እንዴት እንደማስር ጭምር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ ወረደ፤ የቱ የሳቅ፣ የቱ የሌላ እንደሆነ አልለየሁትም። ከዚያ ዓይኗን ጠረገች።

"ቃል ቃል ነው። ትሸጣለች" አለች።

"እሺ" አልኩ። ምን እላለሁ?

ከአልጋው ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። "ፍልሰታ ትለፍና" አለች። "ለፍልሰታ ጊዮርጊስ ታደርሰኛለህ። ሰው ታፈናጥጣለች አይደል?"

ነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት በነጠላዋ ላይ ሄልሜት አድርጋ ኋላዬ ተቀመጠች። ስትወጣ ትንሽ ታገለች፤ ቀሚሷ ይዟት ነው ብዬ ቁም ነገር አላልኩትም። ድልድዩን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር በግራ እጇ ወገቤን አጥብቃ ያዘችኝ፤ በቀኟ ታማትባለች። ጊዮርጊስ በር ላይ ጥግ ይዤ አቆምኩ። ገና ከመውረዷ በሩ ሥር ከሚቀመጡት እናቶች አንዷ አየቻትና እጇን ዘርግታ ጮኸች።

"አይናዲስ! አንቺ ነሽ? ዓመት ሙሉ የት ጠፋሽ? እኛ እኮ ሞታለች ብለን ነፍስ ይማር ብለንሻል!"

ግራ ገባኝ። አይናዲስ እሁድ እሁድ ጊዮርጊስ ትሄዳለች። ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ እኔ አልጋ ውስጥ ሆኜ አያታለሁ፤ ስትመለስ "እንኳን አደረሰህ" ትለኛለች። ዘወር ብዬ አየኋት። ሄልሜቷን ለማውለቅ ትታገላለች፤ ፊቷን ልታሳየኝ አልፈለገችም።

"እሁድ እሁድ የት ነበርሽ?" አልኳት።

"ድልድዩ ጋ" አለች ቀስ ብላ። "ዳገቱ አልወጣልኝ አለ። ቀኝ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ድልድዩ ጋ ካለችው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ፣ ቅዳሴ ሲያልቅና ሰው ሲመለስ አብሬ እመለሳለሁ።"

ያን ሱቅ አውቀዋለሁ። በየጠዋቱ የውሸት ጫማዬን የማስረው እዚያው ሱቅ ፊት ለፊት ነበር። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዳገት ሁለታችንን ከአንድ ቦታ ሲመልሰን፣ አንድ አልጋ ላይ እየተኛን፣ እኔ ስለ ራሴ ጉልበት ብቻ ሳስብ የእሷን አላየሁም። የሰው ጣት ከሩቅ አይቼ ስንት ቁጥር ቀለበት እንደሚገባው የምናገር ሰው ነኝ። አፈርኩ። ያን ቀን አስፋልት ላይ ተጋድሜ እንኳ እንዲህ አላፈርኩም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኩ።

"አንተስ?"

ሱቁ የሚከፈትበት ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ሞተሯን አጥፍቼ ቁልፏን ኪሴ ከተትኩና ክንዴን ሰጠኋት። እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ እያነከስን ገባን።