ሁለት ጎኑን ብቻ የለካሁት ግንብ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

መናኸሪያው ስደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ በቀር ማንም አልነበረም። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ቀድሞኝ መናኸሪያ የገባ መንገደኛ አላየሁም። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የሾፌሩ ረዳት እንኳ ገና አልመጣም። ቦርሳዬ ውስጥ ደብተር፣ የመለኪያ ገመድ፣ በጨርቅ የጠቀለልኩት ቴርሞሜትር እና ለሁለት ቀን የሚበቃ በሶ አለ።

አንባቢ የሚያነበው የማንን ጽሑፍ እንደሆነ ይወቅ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሃያ ስምንት ዓመት የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ በእጄ ስለነበር መምህራኑ ያልገለጡትን ሁሉ አንብቤአለሁ። የጂኦግራፊ መምህሩ ከፍታ መለኪያ የለንም እያለ ሲያማርር፣ በራድ ጥጄ ውሃ ያፈላሁለትና ከፍታውን የነገርኩት እኔ ነኝ። ደጋ ላይ ውሃ ብዙ ሳይግል ይፈላል። ደብረ ብርሃን ላይ ዘጠና ዲግሪ ተኩል ይበቃዋል፤ ወደ ቆላ በወረዱ ቁጥር ልኩ ይጨምራል። መምህሩ አላመነኝም። መጽሐፉን ገልጬ አሳየሁት።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ከአንኮበር ቁልቁል፣ ከአልዩ አምባ አንድ ሰዓት በእግር ወዲያ፣ ጨው በር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የእሷን ታሪክና መልክዓ ምድር አርባ ገጽ አድርጎ የጻፈ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ጽፌ አንዱን ግልባጭ ለወረዳው በነጻ ሰጠሁ። ወረዳው አሁን ከከተማዋ መግቢያ ላይ የታሪክ ድንጋይ ሊያቆም ነው። ቃሉ ከእኔ ደብተር ተወስዷል፤ ከግርጌው ስሜ ይቀረጻል። ቅዳሜ ይመረቃል።

ደስታዬን ገና አጣጥሜ ሳልጨርስ፣ ማክሰኞ ዕለት የጨው በሩ ወዳጄ ሐጂ ሰይድ ደወለ።

«ተክሌ፣ ድንጋዩ ላይ መጤ ልታሰኘን ነው» አለኝ።

«አጣርቼ ነው የጻፍኩት።»

«ሳይቀረጽ ውረድ። አንድ ነገር ላሳይህ። አይተኸውም መጤ ናችሁ ካልክ፣ እኔ ራሴ ቆሜ አስመርቀዋለሁ።»

ስለዚህ የምወርደው ልከራከር ነው። በክርክር ተሸንፌ አላውቅም።

ሦስት ሰዓት፣ ጎረቤላ

ሜዳው ገብስ ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ የድንጋይ ካብ፣ ባሕር ዛፍ፣ በጋቢ የተጠቀለለ ሰው፣ የበግ መንጋ፣ እንደገና ገብስ። ሾፌሩ ቴርሞሜትሬን በመስታወት ሲያይ ቆይቶ አላስችል አለው።

«ፋዘር፣ አሞዎት ነው?»

«አገር ልለካ ነው።»

«አገሩ ትኩሳት አለበት?»

«አለበት እንጂ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞረ።

ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት። እዚህ ላይ ደጋው በአንድ ጊዜ ያልቃል። ከገደሉ አፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ከእነሱ በታች ደመና አለ፤ ከደመናው በታች ተራራ፣ ከተራራው በታች ደግሞ ቡናማው ቆላ እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቷል። ከዚህ ቆሞ የሚናገር ሰው ታች ያለውን ሁሉ በጣቱ እያመለከተ ነው የሚናገረው። ያ አልዩ አምባ ነው፤ ያ ገበያው ነው፤ ያ የእገሌ መሬት ነው። እኔም ከሠላሳ ዓመት በፊት የጨው በርን ታሪክ የሰማሁት እዚሁ አግዳሚ ላይ ከተቀመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ነው። ንግግራቸው ያማረ ነበር፤ በአንድ ቀን ጽፌ ጨረስኩት። አግዳሚው ዛሬ የለም። በቦታው የሞባይል ጥገና ቤት ተከፍቷል።

ሻይ ቤት ገብቼ ቴርሞሜትሬን በራዱ ውስጥ ነከርኩ። ዘጠና አንድ ተኩል። ባለቤቷ «አባባ፣ ሌላ ሰው ይጠጣዋል እኮ» አለችኝ። ቴርሞሜትሩ ከብርጭቆዎቿ ይልቅ ንጹሕ መሆኑን ነገርኳት። የበራዱን ሻይ ሁሉ አስከፈለችኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ጨው በር

እስከ አልዩ አምባ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ በየጥምዝምዙ አንድ ልብስ ይወልቃል። ጋቢዬን ከጎረቤላ በታች፣ ሹራቤን አልዩ አምባ ላይ አወለቅሁ። ገብሱ ቀርቶ ማሽላ ሆኗል፤ ጥዱ ቀርቶ ግራር። ሁለት ግመሎች ሲሚንቶ ጭነው አለፉኝ። አንድ ጎረምሳ ከዘራዬን አይቶ ልደግፍዎት ቢለኝ ቀድሜው ሄድኩ።

ጨው በር አንድ መንገድ፣ አንድ መስጊድ፣ ሁለት ወፍጮ ቤት፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት እና ከግንቡ ሌላ ምንም የማይታይበት አሮጌ ኬላ ናት። የጨው ነጋዴ ወደ ደጋ ሲወጣ ቀረጥ የሚከፍለው እዚያ ኬላ ላይ ነበር።

ድንጋዩ መግቢያው ላይ ቆሟል፤ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ጠራቢው ይመር ይባላል። ከወለጋ የተፈናቀለ ገበሬ ነው፤ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ሆኖ ነው ድንጋይ መጥረብ የተማረው። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ስለማከብር ሥራውን ቀረብ ብዬ አየሁ። ፊደሉ ቀጥ ያለ ነው። ከላይ የከተማዋ ስም ተቀርጿል። ከግርጌው «ከአቶ ተክሌ ማስታወሻ የተወሰደ» ይላል። ስሜን በጣቴ ዳሰስኩት። ጣቴ እስከ ጥፍሩ ገባ።

መሃሉ ግን ባዶ ነው። በከሰል ብቻ እንዲህ ተጽፏል፦ «ከተማዋን የመሠረቱት ከአንኮበር የወረዱ ደገኞች ናቸው። ነጋዴዎቹ ከዚያ በኋላ የሰፈሩ መጤዎች ናቸው።»

«መሃሉን ለምን ዘለልከው?» አልኩት።

«ስምዎን ላስቀድም ብዬ ነው፣ አባቴ» አለ፣ ዓይኑን ከመሮው ሳያነሳ።

ሰባት ሰዓት፣ ከኬላው ጀርባ

ሐጂ ሰይድ በእኔ ዕድሜ ነው፤ ጥርሱ ግን ሙሉ ነው፤ ይህን ሁልጊዜ ያሳየኛል። ምሳ አቀረበልን። ለእሱ የፍየል ሥጋ፣ ለእኔ ሽሮ፤ በዚህ ቤት ሽሮዬ ተረስቶ አያውቅም። ከበላን በኋላ «ገመድህን ያዝ» አለኝ።

የኬላው ግንብ በደብተሬ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ አለ። የፊቱ ጎን ሃያ ሁለት ሜትር፣ የግራው አሥራ አራት ሜትር። የከተማዋ የመጀመሪያ ግንባታ ብዬዋለሁ። ሌሎቹን ሁለት ጎኖች ያኔ ቁልቋል ውጧቸው ነበር። እንደ ፊተኞቹ ናቸው ብዬ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሣልኩ።

ሐጂ ቁልቋሉን በገጀራ ከፍቶ መንገድ ሠርቶ ነበር። ተከትዬው ገባሁ። የጀርባው ግንብ ከቀኝ ጥግ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ከዚያ በድንገት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ አምስት እርምጃ ያህል ገብቶ ዞሮ ይመለሳል፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በእጥፋቱ ውስጥ ራስጌና ግርጌአቸው ድንጋይ የቆመላቸው ስድስት የእስላም መቃብሮች አሉ። ሰባተኛው ከእጥፋቱ ጥግ ነው፤ የግርጌው ድንጋይ ከግንቡ ሥር ገብቷል። ግንበኞቹ እሱን ላለመንቀል ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ በላዩ አሻግረው፣ በዚያ ላይ ገንብተዋል።

ተንበርክኬ በጣቴ አፈሩን ጫርኩ። ከግንቡ ሥር ያለው ድንጋይ ከግንቡ በፊት የነበረ ነው። ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልግም።

«የማን መቃብር ነው?»

«የአባቶቻችን» አለ ሐጂ። «ከጨው ጋር የመጡት፣ እዚህ ያረፉት። ኬላ ሠሪዎቹ ሲወርዱ ተቀብረው አገኟቸው። አክብረው ዞሩላቸው፤ አላህ ይስጣቸው።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? የጨው ዋጋ ጠየቅኸኝ። የበቅሎ ቁጥር ጠየቅኸኝ። ውሃችንን አፍልተህ ለካህ። ሙታኖቻችሁ የት ናቸው አላልከኝም። ደግሞም ደብተር ነው፣ ማን ያነበዋል ብዬ ተውኩት። ድንጋዩን ግን የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ ስትመለስ ታነበዋለች።»

መለስ ብዬ ግንቡን ለካሁት፤ አሁን ሁሉንም ጎኖች። ሐጂ የገመዱን ጫፍ ያዘልኝ። አንባቢ ሆይ፣ በሕይወቴ ተሳስቼ አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ መሳሳት እንዴት እንደሚደረግ ልምዱ አልነበረኝም።

ዘጠኝ ሰዓት፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት

የድንጋዩን ሥራ የምትመራው የወረዳው የባህል ባለሙያ ትዕግስት ናት፤ ከጎረቤላ ወርዳ ለምረቃው ወንበር ታስቆጥራለች። ገባሁና ቃሉ ስህተት ነው አልኳት።

«የትኛው ቃል?»

«የእኔው።»

ለወረዳው የሰጠሁትን የደብተሬን ግልባጭ ከቦርሳዋ አወጣች። በየገጹ ማኅተም አርፎበታል። እንዲህ ተከብሮ ስላየሁት ደረቴ ሰፋ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ተናደድኩበት።

«አባባ፣ ይህ ሰነድ ነው። ኮሚቴው አጽድቆታል። በአካባቢው ሌላ የተጻፈ ምንጭ የለም» አለች።

«ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ትክክል አይደለም እያልኩሽ ነው።»

«ሲጽፉት ያነጋገሯቸው ሦስት ሽማግሌዎች ምስክር ናቸው። እርስዎ ራስዎ ‹የታመኑ› ብለዋቸዋል።»

«ሦስቱም ጎረቤላ ቁጭ ብለው ነው የመሰከሩት። እኔም እነሱ በጣታቸው ያመለከቱትን ነው የጻፍኩት።»

«ዛሬ ወዳጅዎ ስለለመኑዎት ነው የሚቀይሩት?»

ይህ ቃል አንገበገበኝ። ገመዱን ጠረጴዛዋ ላይ ጣልኩትና «ተነሺ፣ ልጄ። ለእኔም ለወዳጄም አትመኚ። ራስሽ ለኪ» አልኳት።

መጣች። ከቁልቋሉ እሾህ ጋር እየታገለች ገባች። መጀመሪያ ተከራከረችኝ፤ መቃብሮቹ በኋላ መጥተው እጥፋቱን እንደ ጥግ ተጠቅመውበት ይሆናል አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም የምጠይቀው እሱን ነበር። ሰባተኛውን ድንጋይ አሳየኋት። እሷም እንደ እኔ ተንበረከከች፤ በስልኳ መብራት ከግንቡ ሥር አየች፤ ፎቶ አነሣች። ስትነሣ ጉልበቷ አፈር ነበር።

አለቃዋን በስልክ ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀ። ተነጋግራ ስትጨርስ ፊቷ ከብዶ ነበር።

«መስመሩ ይነሣል» አለች። «ግን የተጻፈውን መሻርዎን ፈርመው ይሰጡናል። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ የደብተርዎ አይደለም፤ ከደብተርዎ ተወሰደ ማለት አንችልም። ስምዎ ከድንጋዩ ላይ ይወጣል።»

ሐጂ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። «ስሙን ለምን ታወጣላችሁ? ለእኛ ሲል የመጣ ሰው ነው። ስሙ ከወጣ እኔም አልስማማም» አለ።

እውነቱን ልናገር። በዚያች ሰዓት ስሜ ይቅር ማለት ከበደኝ። ልጅ የለኝም። ጽፌ ያሳተምኩት መጽሐፍ የለኝም። ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስሜን የጻፈልኝ በደመወዝ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ግን ያችን ትምህርት ቤት የምትመላለሰውን የሐጂን የልጅ ልጅ አሰብኩ። መጤ የሚለውን ፊደል ቆጥራ ካነበበች በኋላ ዓይኗ ሲወርድ የሚያገኘው የእኔን ስም ነው።

«ሐጂ፣ ዝም በል። በስሜ ላይ የማዝዘው እኔ ነኝ» አልኩና ፈረምኩ። ፊርማዬ አማረ።

ዓርብ፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከድንጋዩ ፊት

አዲሱን ቃል ሌሊት ሐጂ ቤት አድሬ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ ማለዳ ለትዕግስት ሰጠኋት። አንድ ቃል ብቻ ቀየረች። እንዲህ ይላል፦ «ይህችን ከተማ የመሠረቱ ሰዎች ከኬላው ግንብ ጀርባ ዐርፈዋል። ግንቡ ዞሮላቸዋል።»

ይመር ከሰሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። መጤ የሚለው ቃል ጥቁር ውሃ ሆኖ በድንጋዩ ወረደ።

«ትላንት ዋሽቼዎት ነበር» አለኝ። «ያን ቃል መቅረጽ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። በተወለድኩበት ቀዬ፣ ቤቴን ጥዬ የወጣሁት ይህንኑ ቃል ተብዬ ነው። እዚህ ደግሞ ሥራ ነው፣ ልጆች አሉኝ። ነገ ነገ እያልኩ ቆየሁ።»

ትላንት ግን አምኜው ነበር። ይህ ደግሞ ሁለተኛው ስህተቴ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ።

«ስሙን እርስዎ ሲሄዱ ባነሣው አይሻልም?» አለ።

«እዚሁ ቆሜ ነው የምታነሣው።»

መሮውን አስቀመጠና መታ። ጥልቅ አድርጎ ቀርጾት ስለነበር ስሜ በቀላሉ አልወጣም። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሐጂ ፊቱን አዙሮ ወደ ተራራው አየ። እኔ አላዞርኩም። ሲጨርስ በቦታው የመዳፍ ያህል ጎድጎድ ያለ ልስልስ ቦታ ቀረ። ይመር እፍ ብሎ አቧራውን አስወገደለት።

አንድ ግመል ነጂ ቆሞ ያይ ኖሯል። «እዚህ ጎድጓዳው ላይ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«ስም» አልኩት።

«የማን?»

«የእኔ።»

«ምን አጥፍተህ አስነሡብህ?»

«ማንም አላስነሣብኝም። እኔ ነኝ ያስፋቅሁት። ከዚህ እስከ ደብረ ብርሃን ስሙን ከድንጋይ ላይ ያስፋቀ ሌላ ሰው የምታውቅ ከሆነ ጥራልኝ።»

ሰውየው የግመሉን ገመድ ይዞ ከልቡ አሰበ።

«አላውቅም» አለ።

«እኔም አላውቅም» አልኩትና ዳገቱን ጀመርኩ።